ለሕዝብ በአደባባይ ያዜመችው ሉዊዛ ቴትራዚኒ

ለገና በዓል በታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን የመረጥንላችሁ አንዲት ድምፃዊት ናት። ስሟ ሉዊዛ ቴትራዚኒ ይባላል። ትውልዷ ጣልያን ነው፤ ከሞተችም ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ታዲያ እኛ ወረታ ላይ ቁጭ ብለን የጣልያን ዘፋኝ ታሪክ ምን ያደርግልናል የሚል ጓድ አይጠፋም። በ1896 አድዋ ላይ፣ ኋላም በ1935 አገሯ አገራችንን መውረሯን አልዘነጋንም። እሷ ግን የዘመተችው በጉሮሮዋ ብቻ ነው። ደግሞም የነገ መምህር የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው በድምፁ ነውና፣ ድምፅን እንደ ሙያ ይዞ ዓለምን ያስደነቀ ሰው ታሪክ ለእኛም ይመለከተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ሙያዋ ጥቂት እንበል። ኦፔራ ማለት በዜማ የሚሠራ ትያትር ነው። እኛ በለመድነው ትያትር ተዋናዩ ይናገራል፤ በኦፔራ ግን ፍቅሩንም፣ ጠቡንም፣ ሞቱንም የሚገልጸው በዜማ ነው። ከመድረኩ ሥር ብዙ ሙዚቀኞች የተሰለፉበት ኦርኬስትራ ያጅበዋል። ዘፋኙ በዚያ ሁሉ መሣሪያ ላይ ድምፁን አሻግሮ እስከ መጨረሻው ወንበር ማድረስ አለበት፤ ያውም ያለ ድምፅ ማጉያ። ከሴቶች ድምፅ ከፍተኛው ሶፕራኖ ይባላል። ከሶፕራኖዎችም መካከል ድምፃቸውን እያርገበገቡ፣ እያፈጠኑ፣ ከከፍታ ወደ ከፍታ እየዘለሉ እንደ ወፍ የሚያዜሙ አሉ፤ ኮሎራቱራ ይሏቸዋል። በሠርግ ቤት እልልታዋ ከሁሉ በልጦ ከወንዝ ማዶ የሚሰማላት ሴት በየአገራችን አለች። እንዲህ ያለ ተፈጥሮ በትምህርት ተገርቶ፣ ለዓመታት ተኮትኩቶ አስቡት። ሉዊዛ ማለት እሱ ነች።

ሉዊዛ የተወለደችው ጁን 29 ቀን 1871 በፍሎረንስ ከተማ ነው። አባቷ ለወታደሮች ልብስ የሚሰፋ ሰው ነበር። እሷ በተወለደችበት ዓመት፣ ዲሴምበር 24 ቀን፣ የጣልያናዊው የቬርዲ ኦፔራ አይዳ ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። አይዳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት፤ ድርሻዋንም የምትጫወተው ሶፕራኖ ናት። ዲሴምበር 24 ቀንን አንባብያን በልባችሁ ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ታላቅ እኅቷ ኤቫ የታወቀች ዘፋኝ ነበረች። ኤቫ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ትንሿ ሉዊዛ በጆሮዋ ትቀልበው ነበር። ትምህርት መደበኛ ከመሆኑ በፊት በመስማት ይጀምራል ብለው መምህሮቻችን የሚነግሩን ይኸው ነው። በኋላም በፍሎረንስ የሙዚቃ ተቋም ገብታ ተማረች። በ1890 እዚያው በተወለደችበት ከተማ መድረክ ላይ ወጣች። የመጀመሪያ ሥራዋም አፍሪካዊቷ በተባለው የሜየርቤር ኦፔራ ውስጥ ኢኔስ የምትባለዋን ሴት ሆኖ መጫወት ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ከእኛ ከአብዛኞቻችን ያነሰች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ዝና ወዲያው አልመጣላትም። ይህን በደንብ ልብ እንድትሉት እንፈልጋለን። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በየአገሩ ስትዞር ኖረች። ደቡብ አሜሪካ ሄደች፤ ሩሲያ ሄደች፤ ሜክሲኮ ገባች። በታላላቆቹ የአውሮፓ ከተሞች ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። እሷ ግን ሲጨበጨብላትም ሳይጨበጨብላትም ትሠራ ነበር።

በጃንዋሪ 1905 ከሜክሲኮ ተነሥታ ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰች። ሳን ፍራንሲስኮ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ከተማ ናት። ቲቮሊ በሚባለው ኦፔራ ቤት ሪጎሌቶ በተባለው የቬርዲ ሥራ የጂልዳን ድርሻ ስትጫወት ከተማው በአንድ ጊዜ ነደደ ማለት ይቀላል። ሰው ትኬት ለማግኘት ተጋፋ። ዓለም ገና ያላወቃትን ሴት ሳን ፍራንሲስኮ አወቀቻት፤ እሷም ይህን ውለታ አልረሳችም።

ዓመት ከምናምን እንደቆየ በዚያች ከተማ ላይ ታላቅ መዓት ወረደ። ኤፕሪል 18 ቀን 1906 ሊነጋጋ ሲል፣ ሕዝቡ በእንቅልፍ ላይ እያለ፣ ምድር ተናወጠች። ከመናወጡ የባሰው ደግሞ ተከትሎ የተነሣው እሳት ነበር። የውሃ ቧንቧዎች ተሰባብረው ስለነበር እሳቱን የሚያጠፋበት ውሃ ታጣ፤ ለቀናት ነደደ። ከ28 ሺህ በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። 3 ሺህ ያህል ሰው ሞተ። ከ400 ሺህ ነዋሪ ከግማሽ በላዩ ቤት አልባ ሆነ። ቲቮሊ ኦፔራ ቤትም አመድ ሆነ። እኛ የፎገራ ሰዎች ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ቤትንና ማሳን ጥሎ መሸሽ ምን እንደሆነ እናውቃለንና፣ የዚያ ሕዝብ ሐዘን ሩቅ አይሆንብንም።

በከተማው መሐል፣ ማርኬት በሚባለው ሰፊ ጎዳና ላይ፣ የሎታ ፏፏቴ የሚሉት ከብረት የተሠራ የውሃ ሐውልት ቆሞ ነበር። ሎታ ክራብትሪ የተባለች የመድረክ ሰው በ1875 ለከተማዋ ያበረከተችው ነው። በዚያ የመዓት ሰሞን ሐውልቱ ሳይወድቅ ቀረ። ስለዚህ ልጁ የጠፋበት፣ እናቱን የሚፈልግ፣ ወሬ የሚጠይቅ ሁሉ የሚገናኘው እዚያ ነበር። ይህንንም ቦታ ከዲሴምበር 24 ጋር አብራችሁ ያዙልን።

ሉዊዛ በኖቬምበር 1907 ለንደን ላይ በኮቨንት ጋርደን ኦፔራ ቤት ቀረበች። ኦፔራው ላ ትራቪያታ፣ እሷም ቫዮሌታን ሆና ነበር። ማን እንደሆነች የሚያውቅ ስላልነበር በዚያ ምሽት ብዙ ወንበር ባዶ ነበር ይባላል። መጋረጃው ሲዘጋ ግን የተገኘው ሰው ደጋግሞ እያስወጣ አጨበጨበላት። በማግስቱ ጋዜጦቹ ሁሉ የሚያወሩት ስለ እሷ ሆነ። ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ነበር። አያችሁ፣ በአንድ ሌሊት የመጣ የሚመስለው ዝና አሥራ ሰባት ዓመት የፈጀ ጉዞ ነበረው። በጃንዋሪ 1908 ደግሞ ኦስካር ሐመርስታይን የሚባል ባለሀብት ባሠራው በማንሃተን ኦፔራ ቤት ቀርባ ኒውዮርክን አስደነቀች።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ የመጣው። በ1910 ሐመርስታይን ከኒውዮርክ የኦፔራ ሥራ ወጣ። ሆኖም ሉዊዛ የፈረመችልኝ ውል አለ፣ አሜሪካ ውስጥ ለሌላ ሰው መዝፈን አትችልም ብሎ ተነሣ። ነገሩ ወደ ክርክር ሄደ። ድምፁ የእሷ፣ ሥልጣኑ ግን የባለ ውሉ ሊሆን ነው ማለት ነው። ሉዊዛ ለዚህ የሰጠችው መልስ ዛሬም ይነገራል። በኦፔራ ቤት የሚከለክለኝ ካለ በሳን ፍራንሲስኮ ጎዳና ላይ እዘፍናለሁ፣ የሳን ፍራንሲስኮ ጎዳና ነፃ ነው የሚል መንፈስ ነበረው። ሰው ይህን ሲሰማ የአርቲስት ቁጣ ነው፣ ነገ ይረሳል ሳይል አልቀረም። እሷ ግን ቃሏን ጠበቀች።

ዲሴምበር 24 ቀን 1910፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 15 ቀን 1903 ዓ.ም.፣ የፈረንጆች ገና ዋዜማ ነበር። እኛ ገናን በሜዳ ላይ በሩርና በዱላ ስናደምቀው፣ የሳን ፍራንሲስኮ ሕዝብ ያን ዓመት ያደመቀው በዚያች ሴት ድምፅ ነው። በሎታ ፏፏቴ አጠገብ መድረክ ተሠራ። ትኬት የለም፤ በር የለም፤ የክብር ወንበርና የድሃ ወንበር የሚባል ነገር የለም። ባለ ሱቁ፣ ግንበኛው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ልጁን በትከሻው የያዘው አባት ሁሉ ጎዳናውን ሞላው። የሕዝቡ ብዛት ከ200 ሺህ እስከ 250 ሺህ ተገምቷል። በዚያን ጊዜ የከተማዋ ነዋሪ 417 ሺህ ያህል ነበርና፣ ከሁለት ሰው አንዱ ወጥቷል እንደማለት ነው። የወረታ ገበያ በበዓል ዋዜማ ጢም ብሎ ሲሞላ ታውቁታላችሁ። ያን ገበያ ደጋግማችሁ አባዙትና በከተማ ጎዳና ላይ አፍስሱት።

ሉዊዛ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ከከተማው ከንቲባ ጋር ወደ መድረኩ ወጣች። ኦርኬስትራና የመዘምራን ጓድ አጀቧት። ድምፅ ማጉያ የሚባል አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሕዝብ የሚሰማት በራሷ ትንፋሽ ብቻ ነው። እሷ አፏን ስትከፍት ያ እንደ ባሕር ሲያስገመግም የነበረ ሕዝብ ጸጥ አለ። ካዜመቻቸው መካከል ከጉኖ ሮሜዮና ዡልየት የተወሰደው የደስታ ዜማ ይገኝበታል። ሌላው ስለ በጋው የመጨረሻ ጽጌረዳ የሚናገረው የቆየ የአየርላንድ ዜማ ነበር፤ ይህ ማርታ በተባለው ኦፔራ ውስጥም የገባ ነው። ጓደኞቿ ሁሉ ረግፈው ብቻዋን ስለቀረች አበባ የሚያዜም ነው። ከአራት ዓመት ከስምንት ወር በፊት በዚያው ቦታ ዘመዱን ሲፈልግ የነበረ ሰው ያን ዜማ ሲሰማ ምን እንደተሰማው እናንተው ገምቱ። በመጨረሻም ሕዝቡና ዘፋኟ አንድ ላይ ሆነው የቆየ ወዳጅነትን የሚያስታውሰውን የስኮትላንዶች የስንብት መዝሙር አዜሙ። የሐዘን መገናኛ የነበረው ቦታ በዚያች ሌሊት የደስታ መገናኛ ሆነ።

ከዚያ በኋላም ሉዊዛ ብዙ ሠርታለች። ድምፅዋ በሸክላ ተቀርጾ በዓለም ተሰራጨ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ አገሯ ተመልሳ ለወታደሮችና ለችግረኞች መርጃ ዘፈነች። በ1921 የሕይወት ታሪኳን፣ በ1923 ደግሞ ስለ አዘፋፈን ትምህርት የሚሰጥ መጽሐፍ አሳተመች። ፊቷ የማይጨልም፣ ሳቂታ፣ መብል የምትወድ ወፍራም ሴት ነበረች። በአሜሪካ ፓስታን ከዶሮ ሥጋ ጋር አድርገው የሚሠሩት ምግብ እስከ ዛሬ በስሟ ቴትራዚኒ ይባላል። እኛ ለገና ዶሮ ወጣችንን ስንበላ እሷን ብናነሣት አትከፋም።

የመጨረሻ ዘመኗ ግን አልጣመም። በ1926 በዕድሜ በጣም ከሚያንሳት ሰው ጋር ተጋባች፤ ትዳሩ በሦስት ዓመት ፈረሰ፤ በንብረት ክርክርም ሀብቷ መነመነ። ያ ሁሉ ገንዘብ እንደ ጉም በነነ። ታዲያ ምን አደረገች ብትሉ፣ አስተማረች። ድምፅን ለወጣቶች በማስተማር ኖረች። በ1932 ከተነሣ አንድ አጭር ፊልም ላይ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሞተውን የወዳጇን የኤንሪኮ ካሩሶን ሸክላ ስታዳምጥ ትታያለች። የሚሰማው ዜማ ከማርታ የተወሰደ ነው። እያዳመጠች ሳለች አላስችል ብሏት አብራው ታዜማለች፤ ስድሳ ዓመቷ አልፎም ድምፁ አለ። ብታረጅም፣ ብትወፍርም፣ ቴትራዚኒነቷን ማንም እንዳልወሰደባት በኩራት ትናገር ነበር ይባላል። ኤፕሪል 28 ቀን 1940 ሚላኖ ላይ አረፈች። የቀብሯን ወጪ መንግሥት ሸፈነ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ከዚህ ማሠልጠኛ ስንወጣ የምንመደበው በየገጠሩ ነው። ከፎገራ ሜዳ እስከ ወንዛዬ ፍል ውሃ ማዶ ድረስ፣ መኪና የማይደርስበት ቦታም ይጠብቀናል። ክፍሉ በተማሪ ጢም ብሎ፣ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን እየደበደበው፣ የጠመኔ ብናኝ ጉሮሯችንን እየከረከረ እናስተምራለን። ድምፅ ማጉያ የሚሰጠን የለም። ስለዚህ ሉዊዛ ለተማሪዎቿ ያስጠነቀቀችውን ብንይዝ ይጠቅመናል። እሷ የዜማ መሠረቱ ትንፋሽ ነው ባይ ነበረች። ትንፋሽን ወደ ታች፣ ወደ ሆድና ወደ ጎድን ስቦ መያዝ፣ ከዚያ በቁጥብነት መልቀቅ እንጂ ጉሮሮን አስጨንቆ መጮህ ድምፅን ይገድላል። የሚጮህ መምህር እስከ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ይዘጋል፤ ትንፋሹን የሚያውቅ ግን የኋለኛው ወንበር ላይ ላለችው ዓይን አፋር ልጅም ይሰማል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር እንድንይዝ እንሻለን። ሉዊዛ ቴትራዚኒ በታላላቅ ኦፔራ ቤቶች ለከበርቴዎች ዘፍናለች፤ ብዙ ገንዘብም ተከፍሏታል። ያ ገንዘብ በሕይወት ሳለች አለቀ። ያልከፈሉት ሰዎች የሰሙት ዜማ ግን አላለቀም። በሎታ ፏፏቴ ላይ ምስሏን የያዘ ሰሌዳ ተለጥፏል። በየዓመቱ ኤፕሪል 18 ቀን የከተማዋ ሰዎች የሞቱትን ለማስታወስ ገና ሳይነጋ በሐውልቱ ዙሪያ ሲሰበሰቡ፣ እሷም በሰሌዳው ላይ አብራቸው አለች። የመምህር ደመወዝም ብዙ እንዳልሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ ወር ሳይደርስ ያልቃል። በአንድ ሕፃን ጆሮ የገባው ፊደል ግን አብሮት ያረጃል።

መልካም የገና በዓል!