ሰባኪውና የምርጫው ሣጥን

አሜሪካዊው የባፕቲስት ሰባኪ ጄሪ ፋልዌል ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው እ.ኤ.አ. በ2002 በቴሌቪዥን ቀርቦ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) መዝለፉን ነው። ኋላ ይቅርታ ጠይቋል። እኔ ዛሬ ላነሳ የምሻው ግን ከዚያ በፊት የተጓዘበትን መንገድ ነው።

ፋልዌል በ1933 በቨርጂኒያ ግዛት በሊንችበርግ ከተማ ተወለደ። በ1956 እዚያው ቤተ ክርስቲያን መሥርቶ ስብከቱን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማሰራጨት ጀመረ። በ1965 ጥቁሮች ለመብታቸው ሰልፍ ሲወጡ፣ ፖለቲካ የሰባኪ ሥራ አይደለም ሲል አብረው የተሰለፉትን ቀሳውስት ነቀፈ። በ1979 ግን ራሱ “የሞራል አብላጫ” የተሰኘ የፖለቲካ ድርጅት አቋቋመ። ወግ አጥባቂ ምእመናንን በመራጭነት እያስመዘገበም በ1980 ለሬገን መመረጥ ተሰለፈ።

ትርፉስ? ድምፁ ለፖለቲከኞች ገባ። የታገለለት የውርጃ እገዳና የትምህርት ቤት ጸሎት ግን በሬገን ዘመን ሕግ ሳይሆኑ ቀሩ። ድርጅቱ በ1989 ፈረሰ፤ እሱም በ2007 ሞተ።

እኔን የሚያሳስበኝ የሃይማኖት ሰው ስለ ፖለቲካ መናገሩ አይደለም። ለተበደለው ሲሆን ዝም ብሎ ለሥልጣን ፈላጊው ሲሆን አፉን መክፈቱ ነው። ይህን መመዘኛ ለፋልዌል ብቻ ሳይሆን በእኛም ሚንበር ላይ ለሚወጣው ልናውለው ይገባል። ወላሁ አዕለም።