ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ እና የተማሪ ቤት ትያትር

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በ1887 ዓ.ም. በጎጃም፥ ደብረ ኤልያስ ተወለዱ። አገሩ የቅኔ አገር ነው፤ እሳቸውም ያደጉት በቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ትናንት የቈጠረውን ዛሬ ሊደግመው አይችልም፤ ዘወትር አዲስ ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ መንገር አለበት። ድርሰትን በትምህርት ቤት ማስተማር ከውጭ አገር የመጣ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ይህን ያስብ።

አዲስ አበባ መጥተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፥ በከተማው ትያትር ሥራዬ ብሎ የያዘ ተዋናይ አልነበረም። ስለዚህ ተማሪዎቻቸውን ተዋናዮች አደረጉ፤ በሴቷም ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ድርሰቱን የሚጽፉት፥ መዝሙሩን የሚገጥሙት፥ ልጆቹን የሚያስጠኑት መምህሩ ራሳቸው ናቸው። (ዛሬም በአሰላ ሆነ በሌላ ከተማ ተማሪዎችን ትያትር የሚያስጠና መምህር ይህን ሸክም ሳያውቀው አይቀርም።) በዜማ በኩል ግን ከአርመናዊው የሙዚቃ መምህር ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ሠርተዋል። እስከ 1967 ዓ.ም. የተዘመረው ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙ የዮፍታሔ፥ ዜማው የናልባንዲያን ነው።

ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ብዕራቸውንም ለአርበኝነቱ አዋሉት። «አፋጀሽኝ» የተባለው ትያትራቸው ነገሩ የአገሪቱ መከራ ነው። ከድል በኋላ ተመልሰው ጥቂት ዓመት ብቻ ኖሩ፤ በ1939 ዓ.ም. አረፉ።

ከድርሰታቸው ብዙው ለአንድ ቀን ጨዋታ ተጽፎ፥ ማተሚያ ቤት ሳይደርስ ቀርቷል። የተረፈውን ከሕይወት ታሪካቸው ጋር አሰባስቦ የጻፈልን በዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ባለቅኔ ዮሐንስ አድማሱ ነው።