የማይዝገው ቢላዋ አባት ሐሪ ብሪርሊ

ሎሚ ቆርጦ ሳይታጠብ ቢያድር እንኳ የማይዝገው ቢላዋ ዛሬ በየማድ ቤቱ ይገኛል። መጀመሪያ በወጣ ጊዜ ግን መሣቂያ ሆኖ እንደ ነበር የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ሠሪውም እንግሊዛዊው ሐሪ ብሪርሊ የማይቆርጥ ቢላዋ የፈለሰፈ ሰው እየተባለ በገዛ ከተማው ተቀልዶበታል።

ብሪርሊ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1871 ዓ.ም. በቢላዋ ሥራ ስመ ጥር በሆነችው በሼፊልድ ከተማ ነው፤ ከዚህ በታች የምንጽፈውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። አባቱ አረብ ብረት አቅላጭ ሲሆን ኑሮአቸው የድኻ ኑሮ ነበር። ልጁ በ12 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ አባቱ ወደሚሠራበት ወደ ፈርዝ ፋብሪካ ገባ፤ ቈይቶም በፋብሪካው ላቦራቶሪ ጠርሙስ አጣቢ ሆነ። ቀን ጠርሙስ እያጠበ፣ ማታ እየተማረ፣ ኬሚስትሪን ጠንቅቆ ዐወቀ። በ1908 ፈርዝና ጆን ብራውን የተባሉት ኩባንያዎች በማኅበር ላቋቋሙት የምርምር ላቦራቶሪ መሪ የሆነው ይኸው የትናንቱ ጠርሙስ አጣቢ ነው።

በ1912 በጥይቱ ትኵስ ጋዝ ውስጡ ቶሎ ለሚበላው የጠመንጃ አፈሙዝ መፍትሔ እንዲፈልግ ታዘዘ። ክሮሚየም የተባለውን ማዕድን ከብረት ጋር እያቀላቀለ ሲሞክር ቈይቶ፣ በ1913 ኦገስት 13 ቀን 12.8 በመቶ ክሮሚየምና 0.24 በመቶ ካርቦን ያለበትን ብረት አቀለጠ። ብረቱን በማይክሮስኮፕ ለመመርመር አስቀድሞ በአሲድ ማስነከስ የተለመደ ነው፤ ይህን ብረት ግን አሲዱ እምቢ አለው። ኮምጣጤና የሎሚ ጭማቂም አልደፈሩትም። ሌላ ሰው ቢሆን አፈሙዙን ብቻ ባሰበ ነበር፤ ብሪርሊ ግን የሼፊልድ ልጅ ነውና ቢላዋ ታየው።

አለቆቹ ለነገሩ ግድ አልሰጡትም። ናሙናው የደረሳቸው ቢላዋ ሠሪዎችም ለመቀጥቀጥ ያስቸግራል፣ ስለትም አይዝም ብለው መለሱለት። እዚህ ላይ ጥቂት ቈም ብለን ስለት ምን እንደሆነ ብንመለከት መልካም ነው። ስለት ማለት የቢላዋው ሁለት ጐኖች የሚገናኙበት ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ በቀጠነ መጠን ቢላዋው ይሰላል። ዳሩ ግን የቀጠነው ጠርዝ ልል ከሆነ በመጀመሪያው ሥራ ይተኛል፤ ከመጠን በላይ ከጠነከረ ደግሞ ይሸረፋል። አረብ ብረት የሚጠነክረው ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ነው። ተራው ዓይነት 800 ዲግሪ ገደማ ሲበቃው፣ የብሪርሊ ብረት ወደ 1,000 ዲግሪ ይፈልጋል። በልማዱ ሙቀት ለሚሠራ ሰው እንግዲህ ስለት አለመያዙ አያስገርምም። ጥፋቱ የብረቱ ሳይሆን የአያያዙ ነበር።

በመጨረሻ ኧርነስት ስቱዋርት የተባለ የቢላዋ ፋብሪካ ኀላፊ በሦስተኛው ሙከራ ተሳካለት። ቢላዋውን በኮምጣጤ ፈትኖ እድፍ የማይነካው የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው።

ብሪርሊ ግን በግኝቱ መብት ከፈርዝ ጋር ስላልተስማማ ልጅነቱን ካሳለፈበት ፋብሪካ ወጣ። በ1916 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1920ም የቤሰመር የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። በጀርመን አገር የክሩፕ ሰዎች በ1912 ኒኬልና ክሮሚየም ላለበት ሌላ የማይዝግ ብረት መብት አስመዝግበው ስለ ነበር፣ ክብሩን ሁሉ ለእሱ ብቻ መስጠት አይገባም፤ የቢላዋው ብረት ግን የእሱ ነው። በ1948 በ77 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞተ በኋላ በ1980ዎቹ ዓመታት የጃፓኑ ኪዮሴራ ኩባንያ ብረት የሌለበት የሴራሚክ ቢላዋ ለገበያ አቀረበ። ዱቄቱ ዚርኮኒየም ኦክሳይድ ነው፤ በቅርጽ ተጨምቆ እንደ ሸክላ በእሳት ይተኰሳል። ቀድሞውኑ ከኦክሲጅን ጋር የተዋሐደ በመሆኑ ዝገት አያውቀውም፤ ከአረብ ብረትም ስለሚጠነክር ስለቱ ብዙ ጊዜ ይቈያል። ታዲያ የብሪርሊን ብረት ለምን አላስጣለም ቢባል፣ ብረት ሲጐብጥ ሴራሚክ ይሰበራል። ለቲማቲምና ለፍራፍሬ እኛም ሴራሚኩን እንመርጣለን፤ አጥንት ያለበትን ሥጋ ግን ለእሱ አንሰጥም። ሲዶለዱምም የተለመደው መሳያ ድንጋይ ስለማይበግረው የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል፤ የብሪርሊው ቢላዋ በማድ ቤቱ ድንጋይ ይሳላል።