ጆን ጋራንግና የጁባ ከተማ

ዶክተር ጆን ጋራንግ ደ ማቢዮር በ1945 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን፣ በቦር አካባቢ ከአንድ የዲንካ ቤተሰብ ተወለዱ። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባትና እናታቸውን በልጅነታቸው ስላጡ ያደጉት በዘመድ እጅ ነበር። ኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግረው ምጣኔ ሀብትን አጠኑ፤ በ1981 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕረግ ያገኙት የጆንግሌይ ቦይ የሚያልፍበት ገጠር የሚለማበትን ዘዴ በመመርመር ነው።

በ1983 ዓ.ም. የሱዳንን ጦር ሠራዊት ትተው ወደ ኢትዮጵያ በመግባት የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ንቅናቄን መሠረቱ። ጦርነቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። በ1992 ዓ.ም. ጦራቸው ጁባ ውስጥ ዘልቆ ቢገባም ከተማዪቱን ሊይዛት አልቻለም።

ጋራንግ ስለ ሰላሙ ዘመን ሲያስቡ ሰውን ወደ ከተማ ከማፍለስ ይልቅ ከተማን ወደ ሕዝቡ መውሰድ ይሻላል የሚል እምነት ነበራቸው። ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ንጹሕ ውሃውና መንገዱ በገጠር ከተገኙ፣ ገበሬውም ሆነ ከብት አርቢው ቀዬውን ጥሎ በከተማ ዳር ጎጆ የሚቀልስበት ምክንያት አይኖርም። ንቅናቄያቸውም መሬት የነዋሪው ማኅበረሰብ ነው ይል ነበር። ሁለቱም ሐሳቦች ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ግን ከባድ ነበሩ።

የሰላሙ ስምምነት በጥር 2005 ዓ.ም. ተፈረመ። ጋራንግ በሐምሌ ወር የሱዳን አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ነገር ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ከኡጋንዳ ሲመለሱ ሄሊኮፕተራቸው ተከስክሶ ሞቱ። የተቀበሩትም በጁባ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ካሰቡት ተቃራኒ ነበር። ከካርቱም፣ ከኡጋንዳና ከኬንያ ተመላሹ፣ ከኢትዮጵያም ነጋዴው ወደ ጁባ ጎረፈ። በ2008 ዓ.ም. ቆጠራ የጁባ አውራጃ ሕዝብ ከ368,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። የተሸነሸነው ቦታ ስላልበቃ ብዙ ሰው ያለ ፈቃድ በመንገድ ላይና በሕዝብ ቦታ ቤት ሠራ፤ በ2009 ዓ.ም. መንግሥት ብዙዎቹን አፈረሰ። ከተማዪቱን ለማስፋት የባሪ ሕዝብ የአባቶቹን መሬት መልቀቅ ነበረበት፤ ሽማግሌዎቹ ግን መሬታቸው ያለ በቂ ካሣ እንዳይወሰድባቸው ሠጉ። በዚያው ዓመት የወጣው የመሬት ሕግ የማኅበረሰብን ይዞታ ስላወቀ፣ አዲስ የከተማ ፕላን ያለ እነርሱ ፈቃድ በሥራ ላይ ሊውል አልቻለም። ቤት አልባው ተመላሽም የጋራንግ ወገን ነበር፤ ባለ መሬቱም እንዲሁ።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም የአዲሲቱ አገር ሚኒስትሮች ዋና ከተማው በአገሪቱ መካከል ወዳለችው ራምሲየል እንዲዛወር ወሰኑ። ይሁን እንጂ መንግሥት እስካሁን ከጁባ አልወጣም።