ራማን፦ ደካማዋን ብርሃን የተከተለ ሰው

በትምህርት ክፍላችን ራማን የሚለውን ቃል ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። የራማን ስፔክትረም እንላለን፣ የራማን መሣሪያ እንላለን፤ ቃሉ ከአፋችን ሲወጣ ግን የሰው ስም መሆኑ ትዝ የሚለን ስንቶቻችን ነን? ዛሬ በወርቅና በብር ናኖ ቅንጣቶች እየታገዘ በውሃ ውስጥ የገባ መርዝን፣ በአትክልት ላይ የቀረ ፀረ-ተባይን፣ በምግብ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያን የሚለየው ዘዴ ሥሩ የዚህ ሰው ሥራ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን ላካፍላችሁ የፈለግኩትም ለዚህ ነው። ከታሪኩ የምንወስደው ብዙ አለ፤ የማንወስደውም አለ።

ቻንድራሴክሃራ ቬንካታ ራማን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1888 በደቡብ ህንድ ቲሩቺራፓሊ በምትባል ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነበር። ልጁ በማድራስ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ገብቶ በ1904 የመጀመሪያ ዲግሪውን በአንደኝነት፣ በ1907 ደግሞ ሁለተኛውን ተቀበለ። የመጀመሪያው የምርምር ጽሑፉ በ1906 በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ሲወጣ ገና የኮሌጅ ተማሪ ነበር። በዚያ ዘመን ጎበዝ የተባለ ህንዳዊ ተማሪ ወደ እንግሊዝ ሄዶ መማር ነበረበት። ራማን ግን ጤናው የዚያን አገር ብርድ እንደማይችል ሐኪም ስለነገረው እዚያው አገሩ ቀረ።

በ1907 የመንግሥት ፋይናንስ መሥሪያ ቤት ፈተና አልፎ በካልካታ ረዳት ዋና የሒሳብ ሹም ሆነ። ደመወዙ ጥሩ፣ ኑሮው የተደላደለ። ሌላ ሰው ቢሆን ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እሱ ግን በቦውባዛር ጎዳና ላይ በ1876 የተመሠረተውንና ያኔ ብዙም የማይሠራበትን የህንድ የሳይንስ ማጎልበቻ ማኅበር ቤተ ሙከራ አገኘ። ጠዋት ቢሮ ከመግባቱ በፊት እዚያ ነው፤ ማታ ከቢሮ ሲወጣም እዚያው ነው። ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረባቸው ጊዜያት በስተቀር 10 ዓመት ያህል እንዲህ ኖረ። በ1917 የካልካታ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰርነት ሲሰጠው፣ ደመወዙ እንደሚቀንስ እያወቀ የሒሳብ ሥራውን ለቀቀ።

በ1921 ለስብሰባ እንግሊዝ ደርሶ በመርከብ ሲመለስ የሜዲትራኒያን ባሕር ሰማያዊነት ልቡን ወሰደው። ታላቁ ሎርድ ሬይሊ ባሕሩ ሰማያዊ የሚመስለው የሰማዩን ቀለም ስለሚያንጸባርቅ ነው ብለው ነበር። ራማን ኒኮል ፕሪዝም የምትባለውን ትንሽ መሣሪያ ይዞ ነበርና በእሷ ነጸብራቁን አጠፋና አየ፤ ሰማያዊው ቀለም አሁንም አለ። እንግዲያው ብርሃኑን የሚበትነው ውሃው ራሱ ነው ማለት ነው። ካልካታ ሲደርስ ጥያቄውን ከተማሪዎቹ ጋር ለዓመታት ተከተለው፤ ብርሃን በፈሳሽ ውስጥ ሲበተን ምን ይሆናል?

መልሱ በ1928 መጣ። ሙከራው ሲነገር ቀላል ነው። የፀሐይ ብርሃን በቴሌስኮፕ ሰብስቦ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ አልፎ፣ ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። ከፈሳሹ የሚወጣው ብርሃን ደግሞ ያንን ቀለም በሚያግድ ሁለተኛ ማጣሪያ ይታያል። ብርሃኑ ቀለሙን ካልለወጠ ጨለማ መሆን ነበረበት። ጨለማ አልነበረም፤ ፈዛዛ አረንጓዴ ብርሃን ይታይ ነበር። በፌብሩዋሪ 28 ቀን ግኝቱ ተረጋገጠ። ምክንያቱም ይሄ ነው፦ ጥቂት ፎቶኖች ከሞለኪዩሉ ጋር ሲገናኙ ከጉልበታቸው ከፍለው ለሞለኪዩሉ ንዝረት ይሰጣሉ ወይም ከእሱ ይወስዳሉ። የእያንዳንዱ ሞለኪዩል ንዝረት የየራሱ ስለሆነ የሚወጣው ብርሃን እንደ ጣት አሻራ ማንነቱን ይናገራል።

በዚያው ወር ሞስኮ ላይ ላንድስበርግና ማንደልሽታም የተባሉ ሳይንቲስቶች ያንኑ ክስተት በኳርትዝ ውስጥ አይተዋል። ከራማን ጋር ቀን ከቀን የለፋው ኬ. ኤስ. ክሪሽናንም ነበር፤ የመጀመሪያው ማስታወቂያ የወጣውም በሁለቱ ስም ነው። የ1930 የኖቤል ሽልማት ግን ለራማን ብቻ ተሰጠ። በሳይንስ ኖቤል ያገኘ የመጀመሪያው እስያዊ ሆነ። ክብሩ ይገባዋል፤ ሆኖም የክሪሽናንን ስም ሳንጠራ ታሪኩን ብንጨርስ ፍትሕ እናጎድላለን።

አሁን ደግሞ የማንወስደው። በ1933 ራማን የባንጋሎር የህንድ ሳይንስ ተቋም ዳይሬክተር ሆነ። በዚያው ዓመት ካማላ ሶሆኒ የምትባል ጎበዝ የኬሚስትሪ ምሩቅ ለመማር ስታመለክት ሴት በመሆኗ ብቻ ከለከላት። እሷ ግን እምቢ ብላ ስለተሟገተች በሙከራ ጊዜና በቅድመ ሁኔታ ተቀበላት። ሥራዋን ካየ በኋላ ለሌሎች ሴቶችም በሩ ተከፈተ፤ እሷም በ1939 ከካምብሪጅ ዶክትሬቷን አገኘች። ነጮች የዘጉትን በር በትግል የከፈተ ሰው፣ ተራው ሲደርሰው ራሱ በር ዘጋ። ሴት ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ይሄንን እውነት ሳይሸፋፍን ማንበብ አለበት ባይ ነኝ።

ወደ ናኖ ቅንጣቶቹ ልመለስ። የራማን ብርሃን ችግሩ እጅግ ደካማ መሆኑ ነው፤ ከሚሊዮኖች ፎቶን አንዱ ቢሆን ነው ቀለሙን የሚለውጠው። ጥቂት መርዝ ያለበት ውሃ ላይ ምልክቱ ጭራሽ አይታይም። ራማን በባንጋሎር ባቋቋመው የምርምር ተቋም ሲሠራ ቆይቶ በኖቬምበር 21 ቀን 1970 አረፈ። መፍትሔው ብቅ ያለው ከ4 ዓመት በኋላ ነው። በ1974 የሳውዝሃምፕተን ተመራማሪዎች ሻካራ የብር ገጽ ላይ ካረፉ ሞለኪዩሎች ያልተጠበቀ ኃይለኛ ምልክት አገኙ። በ1977 ሌሎች ሁለት ቡድኖች ገጹ ራሱ ምልክቱን እንደሚያጎላ አሳዩ። በብሩ ወይም በወርቁ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ጋር አብረው ይወዛወዙና አጠገባቸው ያለውን የብርሃን መስክ ያበረቱታል፤ ምልክቱ ሚሊዮን ጊዜና ከዚያ በላይ ይጨምራል። በ1997 አንዲት ሞለኪዩል ብቻዋን ታየች።

ውሃ ራሱ የራማን ምልክቱ ደካማ ስለሆነ እርጥብ ናሙና አያስቸግርም። ዘዴው በ2008 በቻይና የሕፃናት ወተት ውስጥ ተገኝቶ ብዙዎችን የጎዳውን ሜላሚን ለመለየት ተሞክሯል። ለበሽታ አምጪዎች ደግሞ በወርቅ ቅንጣት ላይ ባክቴሪያውን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይለጠፋል። እንከን የለበትም ማለት ግን አይደለም። ቅንጣቶቹን ሁሌ አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት ያስቸግራል፤ በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ወይም የደፈረሰ ውሃ ጭቃ ገጹን ቀድሞ ይሸፍነዋል። የሚቀጥለው ትውልድ ሥራ እዚያ ላይ ነው።

መሣሪያ የለም የሚለው ቅሬታ በሁላችንም አፍ አለ፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ራማንም መሣሪያ አልሞላለትም ነበር፤ የፀሐይ ብርሃን፣ ሁለት ማጣሪያና ጥሩ ጥያቄ ግን ነበረው። ቅሬታችንን እንተው አልልም። ጥያቄው ግን መሣሪያው እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።