እንቅልፍ ያዘዘው፣ እንቅልፍ ያጣው ሐኪም

ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ከሐኪም ቤት ሲወጣ የሚሰጠውን ምክር ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፡፡ ጨው ይቀንሱ፣ ጣፋጭ ይተዉ፣ በደንብ ይተኙ፣ አይጨነቁ፡፡ በቀጠሮው ቀን ሳይሻለው ሲመለስ ጥፋቱ የራሱ ይሆናል፡፡ ለመሆኑ ምክሩን እያወቁ አለመፈጸም ሁልጊዜ ስንፍና ነውን? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ከ800 ዓመታት በፊት የኖረ አንድ የሕግ ሊቅና ሐኪም ነው፡፡

ዐረቦች ሙሳ ኢብን መይሙን፣ አይሁድ ራምባም፣ አውሮፓውያን ማይሞኒደስ ይሉታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1130ዎቹ በኮርዶባ፣ በዛሬዋ ስፔን ተወለደ፡፡ በ1148 አልሞሃዶች ከተማዋን ሲይዙ የእነ ሙሴ ቤተሰብ ለስደት ተዳረገ፡፡ ከብዙ እንግልት በኋላም ግብጽ ገብቶ ከካይሮ አጠገብ በነበረችው ፉስጣጥ ተቀመጠ፡፡

ቤቱን የሚያስተዳድረው ታናሽ ወንድሙ ዳዊት ነበር፡፡ ዳዊት የከበሩ ድንጋዮች ይነግዳል፤ ሙሴ ያለ ሐሳብ ያነባል፣ ይጽፋል፡፡ አንድ ቀን ግን ዳዊት የቤተሰቡንና የሌሎችን ገንዘብ እንደያዘ በሕንድ ውቅያኖስ ሰጠመ፡፡ ሙሴ መርዶውን ሰምቶ አንድ ዓመት ያህል አልጋ ላይ ዋለ፡፡ ሐዘን ሥጋን እንዴት እንደሚጥል በራሱ አየው፡፡ ሲነሣ የወንድሙ ሚስትና ትንሽ ልጇ በእጁ ነበሩ፤ እንጀራውንም ከሕክምና መብላት ጀመረ፡፡

እ.ኤ.አ. በ1180 ገደማ ያጠናቀቀው ሚሽኔ ቶራ 14 መጻሕፍት ያሉት የአይሁድ ሕግ ድንጋጌ ነው፡፡ ሕግ የተማርኩ በመሆኔ እጅግ የሚገርመኝ፣ በዚህ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ መደንገጉ ነው፡፡ ሰው ሳይርበው አይብላ፤ ሆዱ ሳይሞላ ሩብ ያህል ሲቀረው ያቁም፤ ሰውነቱን ያንቀሳቅስ፤ በቀን ውስጥ 8 ሰዓት ይተኛ ይላል ሐሳቡ፡፡ ለእርሱ ጤናን መጠበቅ የፈጣሪ መንገድ አካል ነበር፡፡

ኋላም የሳላሕ አዲን ልጅ አል አፍዳል የሆድ ድርቀትና ትካዜ ሲያስቸግረው የጤና አጠባበቅ መጽሐፍ ጻፈለት፡፡ የልዑሉን ሆድ ከልቡ ለይቶ አላየም፤ ስለ አመጋገቡ እንደመከረው ሁሉ ስለ ሐዘኑና ስለ ፍርሃቱም በሰፊው መከረው፡፡ ለአስም ሕመምተኛ በጻፈው መጽሐፍም እንዲሁ ከመድኃኒቱ ጋር ምግቡን፣ አየሩንና እንቅልፉን አብሮ ያነሣል፡፡ የዘመኑ የአራት ባሕርያት ሕክምና ዛሬ ተሽሯል፤ መድኃኒታችንን የሚያስጥለን ሰበብም ሊሆን አይገባም፡፡ ሰውን ሙሉ አድርጎ የማየት ልማዱ ግን ዛሬም አልተሻረም፡፡

የእርሱ የራሱ ኑሮስ? እ.ኤ.አ. በ1199 ለተርጓሚው ለሳሙኤል ኢብን ቲቦን በጻፈው ደብዳቤ ውሎውን ዘርዝሮታል፡፡ በየማለዳው ካይሮ ወዳለው ቤተ መንግሥት ይሄዳል፡፡ ከቀትር በኋላ ርቦት ሲመለስ ደጁ በሕሙማን ተሞልቶ ይጠብቀዋል፡፡ ይቅርታ ጠይቆ በቀን አንዴ ብቻ የሚበላትን ቀለል ያለች ምግብ ይቀምሳል፤ ከዚያ እስከ ምሽት ያክማል፡፡ ከድካሙ ብዛት የሚያዝዘው በጀርባው ተኝቶ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1204 እዚያው ግብጽ አረፈ፡፡

እንግዲህ ሕጉን የጻፈው ሰው ሕጉን መጠበቅ አልቻለም፡፡ ስንፍና ነው የሚል ይኖር ይሆን? ያላስተኛው የኑሮ ሸክም ነው፡፡ ሌሊት ዘብ የሚያድር የስኳር ሕመምተኛም፣ ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ ደም ግፊት ያለባት እናትም የያዛቸው ይኸው ነው፡፡ ስለዚህ ለምን አልተኛህም ብለን ከመውቀሳችን በፊት ምን አላስተኛህም ብለን እንጠይቅ፡፡ ሐኪምም፣ አሠሪም፣ ቤተሰብም ሸክሙን ካላቀለለ ምክሩ ብቻውን ፈውስ አይሆንም፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡