ኢብኑ ኸልዱን እና የትንሽ ልጅ ሒሳብ

 

ኢብኑ ኸልዱንን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በታሪክ ዓሊምነታቸው ነው፤ መንግሥታት እንዴት እንደሚነሡና እንደሚወድቁ የጻፉ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን ብዙ የማይወራላቸውን ነገር እናንሳ፤ ትንሽ ልጅ ሒሳብ ለምንና እንዴት ይማር? ታናናሾቻችሁን የምታስጠኑ በተለይ ልብ በሉ።

የተወለዱት በ732 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1332) በረመዳን ወር፣ ቱኒስ ከተማ ነው። ቤተሰቡ ከአንደሉስ የፈለሰ፣ ዕውቀትና ሹመት የለመደ ቤት ነበር። ቁርኣን ሐፍዘው ዐረብኛና ፊቅህ ሲቀሩ ሳሉ፣ ዕድሜያቸው 17 ገደማ ላይ ትልቁ ወረርሽኝ ገባ። እናታቸውን፣ አባታቸውንና ከኡስታዞቻቸው ብዙዎቹን ወሰደ። ከተረፉት አንዱ ሸይኽ ሙሐመድ አል-አቢሊ ነበሩ። ሒሳብና መንጢቅ ያስቀሯቸው እኚህ ሰው ናቸው፤ ኢብኑ ኸልዱንም ዕድሜ ልካቸውን በአክብሮት አንስተዋቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የቤተ መንግሥት ሕይወት ነው፤ ፌዝ፣ ግራናዳ፣ ቢጃያ፣ ሹመት፣ እስር። ሲሰለቻቸው ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር ቀልዐት ኢብኑ ሰላማ በሚባል ምሽግ ተቀመጡና በ1377 (እ.ኤ.አ.) ሙቀዲማን በአምስት ወር አረቀቁ።

በሙቀዲማ ውስጥ ስለ ሒሳብ የጻፉት አጭር ነው፤ ግን ይገርማል። ልጅን በሒሳብ ማስጀመር ጥሩ ነው ይላሉ። ምክንያታቸው ንግድ ወይም ሥራ አይደለም፣ አኽላቅ ነው። ሒሳብ ግልጽ ነው፣ ማስረጃውም ሥርዓት አለው፤ በልጅነቱ የያዘው ሰው እውነት መናገር ይለምዳል፣ ልማዱም ጠባዩ ይሆናል። እስቲ አስቡት፦ 7 ጊዜ 8፣ 56 ነው። ቢቆጡትም ቢለምኑትም 57 አይሆንም።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ራቅ ብሎ ሌላ ምዕራፍ አለ፤ ልጆችን በኃይል ስለ ማስተማር። በዱላ ያደገ ልጅ ልቡ ይጠባል፣ ንቃቱ ይጠፋል፣ ይሰንፋል ይላሉ። ከሁሉ የከፋው ግን እጅ እንዳይነሣበት ብሎ በልቡ ያለውን ደብቆ ሌላ ያሳያል፤ ውሸትና ማታለል ጠባዩ ይሆናል። የቀይረዋኑን ዓሊም ኢብኑ አቢ ዘይድንም ያነሳሉ፤ እሳቸው ልጅን መምታት ግድ ቢሆን እንኳ ከሦስት እንዳያልፍ ብለው ገድበዋል።

ሁለቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን ስናነብ ነው ነገሩ የሚከብደው። ሒሳብ ልጁን እውነተኛ ያደርገዋል፤ አለንጋው ውሸታም ያደርገዋል። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ልጁ ምን ያደርጋል? መልሱን ከጎኑ ካለው ልጅ ይገለብጣል። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ነው፤ መምህሩም ይደሰታል። ልጁ የተማረው ግን መደበቅን ነው።

ታዲያ እንዴት ይማር? መንገዳቸው መደጋገም ነው፤ ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዙር ይሂድ ይላሉ። መጀመሪያ ዋና ዋናው በጥቅሉ፣ ቀጥሎ ከነማብራሪያው፣ በመጨረሻ ምንም የከበደ ነገር ሳይቀር። በዛሬ ክፍል ብናስበው፣ ክፍልፋይ የሚማር ልጅ መጀመሪያ አንድ ዳቦ ለአራት ሲቆረስ ይይ፤ በሁለተኛው ዙር 1/4 ብሎ ይጻፍ፣ ለምን 4 ከታች እንደሆነም ይረዳ፤ ከባዱ ጥያቄ በሦስተኛው ይምጣ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ጭነን አልገባውም ብለን የምንቆጣ ብዙዎች ነን። እሳቸው ግን ጀማሪ ላይ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ከተጫነበት አእምሮው ይደክማል፣ ትምህርቱን ይጠላል፣ ይሸሻል፤ ጥፋቱም የአስተማሪው ነው ይላሉ።

በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው የማሊኪያ ቃዲ ሆኑ። ቤተሰባቸው ሊቀላቀላቸው ሲጓዝ መርከቧ እስክንድርያ አጠገብ ሰጠመች። በዚያ ሐዘን ላይ ሹመቱ ተነሣ፣ ማስተማሩ ግን ቀጠለ። በ808 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1406)፣ እንደ ልደታቸው በረመዳን ሞቱ፤ የተቀበሩትም ካይሮ፣ ከባብ አን-ነስር ውጭ ባለው የሱፊዮች መቃብር ነው። ረሒመሁላህ።